«እንደቆመ ነው» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው? የእንግሊዝኛ መቆም፣ መቀመጥና መጋደም

ከዓመታት በፊት አንድ ጓደኛዬ ከውጭ አገር ደብዳቤ መጣለት። የጻፈለት ቀደም ብሎ ሥራ ያቀረበለት መሥሪያ ቤት ነው። ጓደኛዬ ሲያመነታ ወራት አልፈዋል። እንግሊዝኛው ብዙም ስላልነበረ ደብዳቤውን ይዞ ወደ እኔ መጣ። ያኔ ከመካከላችን እንግሊዝኛ ይችላል የምባለው እኔ ነበርኩ። መጨረሻው መስመር «ዘ ኦፈር ስቲል ስታንድስ» ይላል። ቃል በቃል ፈታሁት። ኦፈር ያቀረቡለት ሥራ ነው። ስቲል እስካሁን ማለት ነው። ስታንድ ደግሞ መቆም። ኮራ ብዬ ነገርኩት።

«የሥራው ነገር እስካሁን እንደቆመ ነው እያሉህ ነው።»

«ቆመ? መቼ ነው ታዲያ የሚንቀሳቀሰው?»

«እሱን አልጻፉም።»

ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ሄደ። መልስም አልጻፈላቸውም። ቆመ የተባለ ነገር ምን ይመለስለታል?

ደብዳቤው የሚለው ግን ተቃራኒውን ነበር። «ያቀረብንልህ ሥራ አሁንም እንዳለ ነው፣ አልተሰረዘም፣ ከፈለግክ ና» ነው የሚለው። ይህን የተረዳሁት ቆይቶ ነው። የደብዳቤውን መጨረሻ ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

መዝገበ ቃላቱ አልዋሸኝም። ስታንድ መቆም ነው። ችግሩ ሌላ ነው። የቆመ ሰው ስናይ ሁለት ነገር እናያለን። አንደኛ፣ አይሄድም። ሁለተኛ፣ አልወደቀም። አማርኛ በብዛት የመጀመሪያውን አነሳ፦ ዝናቡ ቆመ፣ ሰዓቱ ቆመ፣ ሥራው ቆመ። እንግሊዝኛ በብዛት ሁለተኛውን አነሳ። ውሳኔው «ስታንድስ» ከተባለ ማንም አልሻረውም ማለት ነው። ሪከርዱ «ስታንድስ» ከተባለ እስካሁን የሰበረው የለም። ሰውነታችን አንድ ዓይነት ነው፤ ሁላችንም እንቆማለን፣ እንቀመጣለን፣ እንጋደማለን። ቋንቋዎቻችን ግን ከአንዱ አቋቋም ውስጥ የተለያየ ነገር መርጠው ወሰዱ። የእንግሊዝኛ ተማሪ ፈሊጥ ተብሎ በቃል እንዲያጠና የሚሰጠው ብዙው ነገር እዚህ ምርጫ ላይ የተሠራ ነው። ምርጫውን ያወቀ ሰው ግማሹን ሳያጠና ይገምተዋል ባይ ነኝ።

የምናወራው በዋናነት ስለ ሦስት ግሶች ነው። «ስታንድ» መቆም፣ «ሲት» መቀመጥ፣ «ላይ» መጋደም ወይም መተኛት። ይህ ሦስተኛው ከአማርኛው «ላይ» ጋር በድምፅ መግጠሙ ለጸሐፊ መከራ ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛውን በጥቅስ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ፤ እናንተም ታገሡኝ።

ጠርሙሱን ግፉት

መጀመሪያ ቀጥተኛውን ትርጉም እንይ። አንድ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ አድርጉ። እንግሊዝኛ ተናጋሪ አቀማመጡን ልግለጸው ካለ «ስታንድ» ይላል። አሁን በጣታችሁ ገፋ አድርጉትና ይውደቅ። ወዲያው ግሱ ይቀየራል፤ ጠርሙሱ አሁን «ላይ» ነው የሚባለው፣ በጎኑ ተጋድሟል። ጠርሙሱ ያው ጠርሙስ ነው። ጠረጴዛውም ያው ነው። እኛ በሁለቱም ጊዜ «ጠርሙሱ ጠረጴዛው ላይ ነው» ብለን እናልፋለን። እንግሊዝኛ ግን ዓይኑን ቅርጹ ላይ ይጥላል። ቁመቱ ከወርዱ የሚበልጥና ሥሩ መሬት የያዘ ነገር ይቆማል። ርዝመቱ ወደ ጎን የሆነ ይጋደማል።

መጽሐፍን እንውሰድ። መደርደሪያ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ የተሰደረ መጽሐፍ ይቆማል። አውርዳችሁ ጠረጴዛ ላይ ብትዘረጉት ይጋደማል። አማርኛ በሁለቱም ቦታ «ተቀምጧል» ይለዋል። ለእኛ መቀመጥ ሰፊ ነው፤ ዕቃ የትም ይሁን በሥርዓት ካረፈ ተቀምጧል። ከመደርደሪያ ወድቆ ወለል ላይ ከተገኘ ደግሞ «ወድቋል» እንላለን እንጂ ተጋድሟል አንልም። እንግሊዝኛ ወለል ላይ ለተጣለ ልብስ፣ ለገመድ፣ ለወረቀት፣ ለምንጣፍ ሁሉ «ላይ» ይላል። መሬት የሸፈነ በረዶም እንዲሁ ነው። የራሱ እግርም መቀመጫም የሌለው ነገር ሁሉ ይጋደማል ብላችሁ ብትይዙት ብዙ አትሳሳቱም።

«ሲት» ለየት ያለ ነው። ቁመትም ርዝመትም አይጠይቅም። የሚጠይቀው በቦታው ደልደል ብሎ ማረፍን ነው። ባርኔጣ ራስ ላይ ይቀመጣል። ክዳን አፉ ላይ ይቀመጣል። ኮት ትከሻ ላይ በደንብ ከገጠመ «በደንብ ይቀመጣል» ይባላል። ኮረብታ ላይ ስላለ ቤት የሚጽፍ ሰው ሁለቱንም መጠቀም ይችላል። «ስታንድስ» ካለ ከሩቅ የሚታይ፣ ቀጥ ያለ ቤት ይመጣባችኋል። «ሲትስ» ካለ ግን ኮረብታው አቅፎት፣ ተመቻችቶ ያረፈ ቤት ነው። ግሱ ሥዕል እየሣለላችሁ ነው። ሸለቆ ውስጥ የተዘረጋ መንደር ከሆነ ደግሞ «ላይዝ» ይሻለዋል። ከተማ፣ ደሴት፣ አገር በእንግሊዝኛ ይጋደማሉ፤ ካርታ ላይ የተዘረጉ ናቸውና። ለንደን ቴምዝ ወንዝ ዳር «ትጋደማለች»፤ እዚያው ለንደን ውስጥ ያለው የኔልሰን ሐውልት ግን ይቆማል።

እንስሳት ላይ ትንሽ ጉድ አለ። ፈረስ ይቆማል ወይም ይጋደማል፤ ብዙ ጊዜ አይቀመጥም። ውሻና ድመት ሦስቱንም ያደርጋሉ። ወፍ ግን ቅርንጫፍ ላይ በሁለት እግሯ ቀጥ ብላ ቆማ ሳለ እንግሊዝኛ «ተቀምጣለች» ይላታል። አማርኛም እንዲሁ ነው። እግሯን አይቶ «ቆማለች» የሚል የለም። ምክንያቱ እንደሚመስለኝ ወፍ መሬት ላይ ስትራመድና ቅርንጫፍ ላይ ስታርፍ ማነጻጸራችን ነው፤ ማረፍ ወደ መቀመጥ ይቀርባል።

አንድ የሚያጽናና ነገር ልንገራችሁ። በቀጥተኛው ትርጉም እንግሊዝኛ ሰነፍ ቋንቋ ነው። «ጠርሙሱ ጠረጴዛው ላይ ነው» ብላችሁ በ«ኢዝ» ብታልፉ ማንም አያርማችሁም። ዘመዶቹ ይህን ያህል አይራሩም። ጀርመንኛና የደች ቋንቋ ነገሩ ቆሟል ወይስ ተጋድሟል የሚለውን በየጊዜው ያስመርጣሉ። ጀርመንኛ ጠረጴዛ ላይ ያለ ሰሃን «ቆሟል» ይለዋል። ጠፍጣፋ ነው ብላችሁ አትከራከሩ፤ ሥሩ መሬት ይዟልና ቆሟል። ደች ደግሞ ቦርሳ ውስጥ ያለ ገንዘብ «ተቀምጧል» ይላል፣ ዙሪያው የተዘጋ ነውና። እንግሊዝኛ ተማሪ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ድኗል።

የዳነው ግን ቀጥተኛው ትርጉም ላይ ብቻ ነው። «ዘ ኦፈር ስቲል ስታንድስ» የሚለውን በ«ኢዝ» ልተካ ብትሉ ዓረፍተ ነገሩ ይፈርሳል።

ወደዚያ ከመግባታችን በፊት ሰዋስው ላይ ሁለት ነገር ጣል ላድርግ። ሰውየው በር ላይ ቆሟል ለማለት እንግሊዝኛ «ኢዝ ስታንዲንግ» ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ ይሄዳልና። አልጋ ሥር የተጣለ ካልሲም «ኢዝ ላይንግ» ነው፤ ራሱ ባይሄድም አንድ ሰው ያነሳዋል። ሐውልትና ከተማ ግን የትም አይሄዱም። ስለዚህ «ስታንድስ»፣ «ላይዝ» ብቻ። ለንደን «ኢዝ ላይንግ» ብሎ የጻፈ ሰው ከተማዋ አረፍ ብላ ነገ ልትነሳ ያለች ያስመስላታል። ቁመት ሲነገርም እንዲሁ ነው። የኤፍል ማማ 330 ሜትር «ስታንድስ» ይባላል።

ሁለተኛው የተረት ጸሐፊዎች ዘዴ ነው። እንግሊዝኛ ባለቤቱን ከግሱ በፊት ማምጣት ይወዳል። በእነዚህ ግሶች ግን ቦታውን አስቀድሞ ባለቤቱን ወደ መጨረሻ ሊገፋው ይችላል። «ኦን ዘ ቴብል ሌይ ኤ ሌተር»። ዓይናችሁ ጠረጴዛው ላይ ይደርሳል፣ የተጋደመ ነገር ያያል፣ ከዚያ ደብዳቤ መሆኑ ይገለጣል። አማርኛ ግሱን አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ስለሚያመጣ ይህን ጨዋታ በሌላ መንገድ ነው የሚጫወተው።

እንግሊዞችም የሚሳሳቱበት

ከላይ «ሌይ» አልኩ። ይህ ግስ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንግሊዝኛ የሆኑ ሰዎችን ጭምር ያሳስታል። ስለዚህ እናንተም ብትሳሳቱ አትፈሩ።

«ላይ» ማለት ራስን ማጋደም ነው። ሌላ ነገር ማጋደም ደግሞ «ሌይ» ነው። እኛ ለዚህ ቀላል መላ አለን። ተኛ፣ አስተኛ። ተቀመጠ፣ አስቀመጠ። ቆመ፣ አቆመ። ፊቱ ላይ «አ» ወይም «አስ» መጨመር ብቻ። እንግሊዝኛ ጥንት ያደርግ የነበረው አናባቢውን መቀየር ነው። ከ«ሲት» መቀመጥ «ሴት» ማስቀመጥ ወጣ። ከ«ላይ» መጋደም «ሌይ» ማጋደም ወጣ። «ስታንድ» ግን ለሁለቱም ያው ነው። ጠርሙሱም ይቆማል፣ እናንተም ጠርሙሱን ታቆሙታላችሁ፣ ግሱ አንድ።

ጣጣው የሚመጣው በኃላፊ ጊዜ ነው። የ«ላይ» ኃላፊ ጊዜ «ሌይ» ነው። ማለትም «ተጋደመ» የሚለው ቃል ከ«ያጋድማል» ጋር አንድ ሆኖ ቁጭ አለ። የ«ሌይ» ኃላፊ ደግሞ «ሌይድ» ነው። በዚህ ላይ መዋሸት የሚለው ግስም «ላይ» ነው፤ ከሌላ ሥር የመጣ፣ ድምፁና አጻጻፉ ግን የገጠመ። የእሱ ኃላፊ «ላይድ» ነው። ስለዚህ አልጋ ላይ ተጋደምኩ ሊል ፈልጎ «አይ ላይድ ኦን ዘ ቤድ» ያለ ሰው አልጋ ላይ ሆኜ ዋሸሁ ብሏል። በዕለት ንግግር ብዙ እንግሊዝኛ ተናጋሪ «ላይ» ማለት ሲገባው «ሌይ» ይላል። በጽሑፍ ግን የሚያርም አይጠፋም።

በብሪታንያ ደግሞ ሌላ ነገር ትሰማላችሁ። «አይ ዎዝ ሲቲንግ» በማለት ፈንታ «አይ ዎዝ ሳት»፣ «አይ ዎዝ ስታንዲንግ» በማለት ፈንታ «አይ ዎዝ ስቱድ»። የሰዋስው መጽሐፍ አይወደውም። ሰዉ ግን ይለዋል። ፈተና ላይ አትጻፉት እንጂ ብትሰሙት አትደንግጡ።

አለመውደቅ

አሁን ወደ ምሳሌያዊው። «ስታንድ» ከሦስቱ በጣም ሀብታሙ ነው።

ቆሞ የሚያውቅ ሰው ሁሉ መቆም ጉልበት እንደሚጠይቅ ያውቃል። ትንሽ ቢቆዩ ወገብ ያማል፣ እግር ይዝላል። ከላይ ሸክም ካለ ደግሞ ይብሳል። እንግሊዝኛ ይህን ወሰደ። «አይ ካንት ስታንድ ሂም» ሲሉ «ልችለው አልቻልኩም» ማለታቸው ነው። ሰውየው እንደ ሸክም ከብዷል፣ ከሥሩ ሆኖ ቀጥ ማለት አልተቻለም። «ዊዝስታንድ» የሚል ግስም አለ፣ መቋቋም። «ዊዝ» ዛሬ «ከ… ጋር» ማለት ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ ግን «ተቃራኒ» የሚል ፍቺ ነበረው። ከፊት ለፊት ለሚመጣ ኃይል ተቃራኒ ሆኖ መቆም ማለት ነው። እስቲ አማርኛውን እዩት። መቋቋም። ቆመ ነው ሥሩ! ሁለት የማይገናኙ ቋንቋዎች በየፊናቸው ሄደው አንድ ቦታ ተገናኙ።

እዚህ ላይ አማርኛን ትንሽ እንዳማሁት ይሰማኛል። መቆምን «ማቋረጥ» አድርጎ ብቻ አልተወውም። ከጎኑ ቆመ እንላለን። በእግሩ ቆመ እንላለን፣ ራሱን ቻለ ለማለት። በአንድ ጉዳይ ላይ ያለን ሐሳብ አቋም እንለዋለን። እንግሊዝኛም አቋምን «ስታንድ» ወይም «ስታንስ» ይለዋል። ቋሚ ኮሚቴ በእንግሊዝኛ «ስታንዲንግ ኮሚቲ» ነው። አማርኛ ሁለቱንም ይዞ ነው የሚኖረው። ለዚህም ነው «አቆመ» የሚለው ግስ ጉደኛ የሆነው። ሐውልት አቆመ ማለት አንድ ነገር እንዲኖር አደረገ ነው። ሥራ አቆመ ማለት ደግሞ አንድ ነገር እንዳይኖር አደረገ ነው። አንድ ግስ፣ ሁለት ተቃራኒ። እኛ ሳናስበው እንለየዋለን፤ አማርኛ የሚማር ሰው ግን ጸጉሩን ይነጫል።

እንግሊዝኛም የራሱ እንዲህ ያለ አለው። «ስታንድ ባይ» ቃል በቃል አጠገብ መቆም ነው። አጠገብ የቆመ ሰው ለምን ቆመ? ሊረዳ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ሺ ስቱድ ባይ ሂም» ማለት በክፉ ቀን አልከዳችውም ነው። ትእዛዝ እየጠበቀ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ተጠባባቂ ሁሉ «ስታንድባይ» ነው። ወይም ቆሞ ከማየት በቀር ምንም ያላደረገ ሊሆን ይችላል። «ዴይ ስቱድ ባይ ኤንድ ዎችድ» ማለት እጃቸውን አጣጥፈው አዩ ነው፣ ከባድ ወቀሳ። ከታማኝነት እስከ ወቀሳ አንድ ሐረግ። የሚለየው ቀጥሎ የሚመጣው ቃል ነው፤ «ስቱድ ባይ» ብቻ አይታችሁ አትተርጉሙ።

«ስታንድ ፎር»ም እንዲሁ ሦስት ፊት አለው። አንድ ፊደል ወይም ምልክት የሆነ ነገር «ስታንድስ ፎር» ከተባለ ይወክለዋል፣ በእሱ ቦታ ቆሟል። «አይ ዎንት ስታንድ ፎር ዚስ» ከተባለ አልታገሠውም ነው። ብሪታንያ ውስጥ ደግሞ ለፓርላማ መወዳደር ነው። የሚገርመው አሜሪካኖች እዚህ ቦታ አይቆሙም፣ ይሮጣሉ፤ «ረን ፎር» ነው የሚሉት። ብሪታንያዊው ዕጩ ቆሞ ይመረጣል፣ አሜሪካዊው ሮጦ።

«ስታንድ አፕ» ደግሞ ብድግ ማለት ነው። ከዚያ «ስታንድ አፕ ቱ» ጉልበተኛን ፊት ለፊት መጋፈጥ ይሆናል። ማስረጃ «ስታንድስ አፕ» ከተባለ ሲፈተሽ አይወድቅም። ግን «ሺ ስቱድ ሚ አፕ» ቢሏችሁ ክብር እንዳይመስላችሁ። ቀጠሮ ይዛ ገተረችኝ ማለት ነው። እኛም «ገተረችኝ» ስንል ቀጥ አድርጋ አቆመችኝ ማለታችን አይደል? ይህን ለማንም አማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት አያስፈልግም።

የቀሩትን በጥድፊያ። «አዝ ቲንግስ ስታንድ» አሁን ባለው ሁኔታ ነው። ውጤቱ ሁለት ለአንድ «ስታንድስ» ከተባለ እስካሁን እዚያ ላይ ነው። «አይ ስታንድ ኮሬክትድ» ስህተቴን ታርሜያለሁ ነው። ተቀምጠውም ይሉታል።

ጠረጴዛው ላይ ያለው ደብዳቤ

የ«ሲት»ን ጠባይ ለማየት ሁለት ዓረፍተ ነገር እናስጠጋ። አንደኛው «ዘ ሌተር ኢዝ ላይንግ ኦን ሂዝ ዴስክ»። ሁለተኛው «ዘ ሌተር ሃዝ ቢን ሲቲንግ ኦን ሂዝ ዴስክ ፎር ስሪ ዊክስ»። በሁለቱም ደብዳቤው ያው ደብዳቤ ነው፣ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። የመጀመሪያው ግን የት እንዳለ ብቻ ነው የሚነግራችሁ። ሄዳችሁ ታነሱታላችሁ። ሁለተኛው ውስጥ ምሬት አለ። ሦስት ሳምንት ሙሉ የነካው የለም። ወረቀት ጠፍጣፋ ነውና መጋደም ነበረበት፤ «ሲቲንግ» የተባለው ሥራ ፈትቶ እንደተቀመጠ ሰው ስለተቆጠረ ነው። ግቢ ውስጥ የማይነዳ መኪናም «ሲቲንግ» ነው። ባንክ ያለ ሥራ የከረመ ገንዘብም «ሲቲንግ» ነው።

አማርኛ ይህን ምሬት በመተኛት ነው የሚገልጸው። ፋይሉ ተኝቷል። ኃላፊው ተኝቶበታል። እንግሊዝኛ ኃላፊው «ኢዝ ሲቲንግ ኦን ኢት» ይላል፣ ከሥሩ አድርጎ ተቀምጦበታል። እኛ ተኛበት፣ እነሱ ተቀመጠበት። እዚህ ሁለተኛ ወጥመድ አለ። «ተኝቶበታል»ን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ወስዳችሁ «ስሊፕ ኦን ኢት» ብትሉ የሚሰማችሁ ሰው በበጎ ይወስደዋል። እነሱ ዘንድ ይህ ሳይቸኩሉ አንድ ሌሊት አድሮበት ማሰብ ነው። ልትከሱት የነበረውን ኃላፊ አመሰገናችሁት።

የ«ሲት» ሌላው መንገድ ወንበር ነው። ወንበር ያለው ሰው ሥልጣን አለው። ፍርድ ቤት ይቀመጣል፣ ፓርላማ ይቀመጣል፣ ሰው ኮሚቴ ውስጥ ይቀመጣል። «ሲቲንግ ፕሬዚዳንት» ማለት አሁን ሥልጣን ላይ ያለው ነው፤ ቆሞ ንግግር ቢያደርግም ሲቲንግ ነው። ተማሪ ለፈተና ይቀመጣል፤ ይህ በአማርኛም ያለ ስለሆነ አያስቸግርም። አጥር ላይ መቀመጥ ደግሞ ከሁለት ወገን ወደ የትኛውም አለመውረድ ነው። መሃል ሰፋሪ ማለት ነው። አንድ ነገር «ደዝንት ሲት ዌል ዊዝ ሚ» ከተባለ አልተዋጠልኝም ነው። እኛ በጉሮሮ ነው የምንለካው፣ እነሱ በአቀማመጥ።

«ላይ» ደግሞ ድምፁን አጥፍቶ የሚሠራ ግስ ነው። ችግሩ፣ መልሱ፣ ጥፋቱ፣ ኃላፊነቱ የት እንዳለ ሲነገር የሚመጣው እሱ ነው። «ዘ ፕሮብለም ላይዝ ኢን…» ብሎ ይጀምርና ምክንያቱን ያስከትላል። ለምን ችግር ይጋደማል? እንደ እኔ ግምት የከተማው ነገር ነው። ከተማ ካርታ ላይ እንደሚጋደም ችግርም በሐሳብ ካርታ ላይ የሆነ ቦታ ተጋድሟል፤ ፈልጎ ማግኘት ነው። ወደፊት የሚመጣው «ላይዝ አሄድ» ነው፣ ከፊታችን እንደ ሜዳ ተዘርግቷል። ከነገሩ ጀርባ ያለው «ላይዝ ቢሃይንድ» ነው። የተጋደመ ነገር ከሩቅ አይታይም። የተደበቀ ሰው «ላይዝ ሎው» የሚባለውም ለዚህ ነው፣ ዝቅ ብሎ ተጋድሟል። የቆመ ይታያል፣ የተጋደመ ይሰወራል። ግፍን «ላይንግ ዳውን» የሚቀበል ሰውም ሳይታገል የተቀበለ ነው፤ ያልቆመ።

መንጠልጠልንም እንጨምር ካላችሁ «ሃንግ» ብዙም አያስቸግርም። ጉዳዩ ተንጠልጥሏል ስንል እነሱም ይረዱናል። አንድም ፓርቲ አብላጫ ያላገኘበት ፓርላማ የተንጠለጠለ ፓርላማ ይባላል። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆሞ ማውረድ ይቸግራል የሚለውን ተረታችንን ለእንግሊዝኛ መምህር ብትሰጡት መቀመጥን፣ መስቀልንና መቆምን በአንድ ዓረፍተ ነገር አገኘሁ ብሎ ይደሰታል።

ነገሩ የእንግሊዝኛ ብቻ አይደለም። ላቲን «ስታሬ» የሚል ግስ ነበረው፣ መቆም። ስፔንኛ «ነው» ከሚልባቸው ሁለት ግሶች አንዱ፣ «ኤስታር»፣ ከእሱ የወረደ ነው። እንግሊዝኛ የወረሳቸው «ስቴሽን»፣ «ስታቹ»፣ «ኦብስታክል»፣ «ኢንስቲቲዩሽን» ሁሉ ውስጥ ያው መቆም አለ። የመጨረሻውን በአማርኛ ምን እንለዋለን? ተቋም። መቀመጥም ልጆች አሉት። «ፕሬዚዳንት» በላቲን ሥሩ ከፊት የሚቀመጥ ነው። «ሬዚደንት» ነዋሪ ነው፤ እኛም «ተቀማጭነቱ ለንደን የሆነ» እንላለን።

ከሁሉ የሚጥመኝ ግን የራሳችን ነው። በግዕዝ «ነበረ» ማለት ተቀመጠ ነው። መንበር የተባለው መቀመጫ ስለሆነ ነው። ከዚያ ቃሉ እየለሰለሰ፣ መቀመጥ መኖር እየሆነ፣ ዛሬ በአማርኛ ያለፈ ጊዜ መናገሪያ ሆነ። «ቆሞ ነበር» ስንል ቃሉን ከሥሩ ብትመረምሩት «ቆሞ ተቀመጠ» ብለናል። ማንም አልታዘበንም።

የጓደኛዬን ደብዳቤ አልረሳሁም። ስህተቴን ያወቅኩት አንድ ጽሑፍ ሳነብ ውሳኔው «ስታንድስ» የሚል አጋጥሞኝ ነው። ዓረፍተ ነገሩ «ውሳኔው ቆመ» ተብሎ ሲተረጎም ስሜት አልሰጥ አለኝ። መዝገበ ቃላቱን ወደ ታች ወረድኩበት። አራተኛው ይሁን አምስተኛው ፍቺ ላይ ስደርስ ደሜ ቀዘቀዘ። ሮጬ ሄጄ ነገርኩት። የዚያኑ ዕለት አብረን መልስ ጻፍን፣ ይቅርታ ጠየቅን፣ ሥራውን እንደሚፈልግ ገለጽን።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ መልሱ መጣ። «ዘ ኦፈር ኖ ሎንገር ስታንድስ» ይላል።

«ምን አሉ?» አለኝ።

«ቆሟል» አልኩት። ይቺን አልተሳሳትኩም።